ከመደርደሪያ ክኒን ወደ ራይቦዞም፦ የሕዋስን ትልልቅ ማሽኖች እንዴት እናጥና?

በሕዋስ ውስጥ ስለሚሠሩት ትልልቅ የሞለኪውል ማሽኖች ማወቅ የሚፈልግ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በቀለም ካሸበረቀ ምስል ነው። ምስሉን ያገላብጠዋል፣ ያደንቀዋል፣ ስልኩ ላይ ያስቀምጠዋል፤ በማግሥቱ ማሽኑ ምን እንደሚሠራ ብትጠይቁት ግን መልስ የለውም። የእኔ ምክር ሌላ ነው፦ ማሽኑን ከሚያስቆመው መድኃኒት ጀምሩ።

ፋርማሲስት ነኝ፤ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ውስጥ ትንሽ መድኃኒት ቤት አለችኝ። መደርደሪያዬ ላይ ካሉት ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች መካከል አዚትሮማይሲን፣ ኤሪትሮማይሲን፣ ቴትራሳይክሊን፣ ዶክሲሳይክሊን፣ ጄንታማይሲንና ክሎራምፌኒኮል ሁሉም የሚሠሩት አንድ ማሽን ላይ ነው፦ ፕሮቲን በሚገጣጥመው የባክቴሪያ ራይቦዞም ላይ። የሚይዙበት ቦታ ግን ይለያያል። አንዱ መግቢያውን፣ ሌላው መውጫውን፣ ሌላው መሐሉን ይይዛል። የትኛው የት እንደሚይዝ ያወቀ ሰው የማሽኑን የሥራ ቅደም ተከተል ግማሽ መንገድ አውቋል።

ይህን የምጽፈው በተለይ ቅዳሜ ከሰዓት ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ እየመጡ በጥያቄ ለሚያጣድፉኝ የወንድሜ ልጅና ጓደኞቿ ነው። ያላቸው አንድ ላፕቶፕ፣ የሚቆራረጥ ኢንተርኔትና የማያልቅ ጥያቄ ነው። ለጀማሪ ይበቃል።

በወረቀትና በማስመሪያ

ኮምፒውተሩን ለጊዜው ዝጉት። ኤ4 ወረቀት አውጡና አንዱን ናኖሜትር (የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ) አንድ ሴንቲ ሜትር አድርጋችሁ ቁጠሩት። የባክቴሪያ ራይቦዞም ወርዱ ወደ 20 ናኖሜትር ስለሆነ ወረቀቱን ከዳር እስከ ዳር ሊሞላው ምንም አይቀረው። ሁለት ክፍል አድርጋችሁ ሣሉት፤ ትንሹ 30ኤስ፣ ትልቁ 50ኤስ ይባላል። በመካከላቸው ክፍተት ተዉ፤ መልእክት ተሸካሚው አርኤንኤ የሚያልፈው፣ አሚኖ አሲድ ተሸክመው የሚመጡት አነስተኛ አርኤንኤዎችም የሚሰለፉት እዚያ ነው። ከትልቁ ክፍል እምብርት ተነሥቶ በጀርባው በኩል የሚወጣ ጠባብ መሿለኪያ ጨምሩ። ርዝመቱ ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ አዲስ የተሠራው የፕሮቲን ሰንሰለት የሚወጣው በዚያ ነው።

አሁን መድኃኒቱን በዚያው መጠን ሣሉ። አዚትሮማይሲን ከአንድ ሴንቲ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው። ይህን ያህል ትንሽ ነገር ያን የሚያህል ማሽን የሚያስቆመው የተቀመጠበት ቦታ ወሳኝ ስለሆነ ብቻ ነው። በዚሁ ስሌት 2 ማይክሮሜትር የሚረዝም ባክቴሪያ 20 ሜትር ይሆናል። ተራው የብርሃን ማይክሮስኮፕ ደግሞ ከ200 ናኖሜትር ገደማ በታች ያሉ ሁለት ነገሮችን ለይቶ ማሳየት አይችልም፤ በእናንተ ወረቀት ይህ 2 ሜትር ማለት ነው። የትምህርት ቤታችሁ ማይክሮስኮፕ ራይቦዞምን ለምን እንደማያሳያችሁ ከዚህ በላይ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

በሥዕሉ ዳር ይህን ጻፉ፦ ኢ. ኮላይ የሚባለው የአንጀት ባክቴሪያ ራይቦዞም ክብደቱ ወደ 2.5 ሚሊዮን ዳልተን ነው (አንድ ዳልተን የአንድ ሃይድሮጅን አቶም ክብደት ያህል ነው)፤ ሦስት የአርኤንኤ ሰንሰለቶችና ከ50 በላይ ፕሮቲኖች አሉት። በትንሹ ክፍል ያለው ዋናው አርኤንኤ 1,542፣ በትልቁ ክፍል ያለው ደግሞ 2,904 ኑክሊዮታይዶች፣ ማለትም የአርኤንኤ ፊደሎች፣ አሉት። ከክብደቱ ሁለት ሦስተኛው ገደማ አርኤንኤ መሆኑን አስምሩበት፤ በኋላ ትፈልጉታላችሁ።

በመድኃኒቱ በር መግባት

አሁን ላፕቶፑን ክፈቱ። መድረሻችን የፕሮቲን ዳታ ባንክ ነው። በ1971 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሰባት የፕሮቲን መዋቅሮችን ይዞ የተጀመረ መዝገብ ነው፤ ዛሬ ከ200,000 በላይ ይዟል፣ ለማንም በነጻ ክፍት ነው። መፈለጊያው ላይ የመድኃኒቱንና የማሽኑን ስም አንድ ላይ፣ አዚትሮማይሲን እና ራይቦዞም ብላችሁ፣ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉ። ብዙ ውጤት ይመጣል። ለጀማሪ ባክቴሪያ የሆነውን ምረጡ።

ምስሉን ከማየታችሁ በፊት ገጹን አንብቡ። በየትኛው ዘዴ ተገኘ? ከየትኛው ፍጥረት ተወሰደ? የምስሉ ጥራት ስንት አንግስትሮም ነው? አንግስትሮም የናኖሜትር አንድ አሥረኛ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ምስሉ ይጠራል። 3 አንግስትሮም አካባቢ ከሆነ የአርኤንኤውን ፊደሎች አንድ በአንድ መለየት ይቻላል። 8 ከሆነ የጠመዝማዛዎቹን አቅጣጫ እንጂ ዝርዝሩን አትመኑ። ከጎን ከቀይ እስከ ሰማያዊ የተዘረጉ የጥራት መለኪያ መስመሮችም አሉ፤ ምልክቱ ወደ ቀዩ ካደላ ጥንቃቄ ጨምሩ። የምስሉ ውበት ስለ ጥራቱ ምንም አይነግራችሁም።

ለመመልከት ሁለት መንገድ አለ። ሞልስታር የሚባለው እዚያው ድረ ገጹ ላይ ይከፈታል፤ ምንም መጫን አያስፈልገውም። ካይሜራኤክስ ደግሞ ኮምፒውተር ላይ የሚጫን፣ ለትምህርትና ለምርምር በነጻ የሚሰጥ ፕሮግራም ነው፤ አንድ ጊዜ ካወረዳችሁት ኢንተርኔት ሲጠፋም ይሠራል። ለእኛ አገር ሁኔታ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ፋይሉን ስታወርዱ አዲሱን ኤምኤምሲፍ (mmCIF) የሚባለውን ዓይነት ምረጡ፤ የድሮው ዓይነት ከ99,999 አቶም በላይ መያዝ ስለማይችል ራይቦዞም አይገባበትም። ኔትወርኩ ቀልጠፍ ሲል፣ ሌሊት ወይም ማለዳ፣ የሚያስፈልጓችሁን ሁሉ አንድ ላይ አውርዳችሁ አስቀምጡ።

ራይቦዞሙ ሲከፈት የተደባለቀ የክር ክምር ይመስላችኋል። ሁሉንም ደብቁት። መድኃኒቱን ብቻ አስቀሩና ከእሱ 5 ወይም 6 አንግስትሮም ርቀት ውስጥ ያለውን ብቻ መልሳችሁ አሳዩ። አሁን በጠረጴዛችሁ ላይ ሊጠና የሚችል ነገር አለ። ጎረቤቶቹን አንድ በአንድ ጻፏቸው፤ በብዛት አርኤንኤ እንጂ ፕሮቲን አለመሆናቸውን ታያላችሁ። ከጎረቤቶቹ መካከል በኢ. ኮላይ አቆጣጠር 2058 ቁጥር ያለውን፣ አዴኒን የሚባለውን ፊደል ፈልጉ። የታሪኩ ቁልፍ እሱ ነው።

በእኛ ሕዋሳት ሳይቶፕላዝም ባለው ራይቦዞም ውስጥ በዚያው ቦታ ያለው አዴኒን ሳይሆን ጉዋኒን ነው። ጉዋኒን በዚያ ቦታ ላይ ተጨማሪ የአቶሞች ቡድን ስላለው መድኃኒቱ ተመቻችቶ አይቀመጥም። በክልላችን ለትራኮማ በዘመቻ የሚታደለው አዚትሮማይሲን ባክቴሪያውን ሲያጠቃ የእኛን ፕሮቲን መሥሪያ የማይነካበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ይኸው ነው። ዕደላው ላይ ተሳትፌ አውቃለሁ። ሰው እየተመዘነ ሳይሆን ከመለኪያ ዘንግ አጠገብ ቆሞ በቁመቱ ልክ ክኒን ይቆጠርለታል፤ አዋቂ አንድ ግራም በአንድ ጊዜ ይውጣል፣ ሕፃናት ሽሮፕ ይሰጣቸዋል። ያ ሁሉ ሰልፍ፣ ያ ሁሉ ካርቶን፣ ውጤቱ የሚወሰነው በአንድ ኑክሊዮታይድ ልዩነት ላይ ነው። የባክቴሪያውም ማምለጫ እዚያው ነው፦ አንዳንድ ባክቴሪያዎች 2058ኛው አዴኒን ላይ ሜቲል የሚባለውን ቡድን የሚለጥፍ ኢንዛይም አላቸው፤ ያ ሲሆን መድኃኒቱ ቦታ ያጣል። ያለ ማዘዣ አዚትሮማይሲን ስጪን ብለው ለሚያስቸግሩኝ ደንበኞች ይህን ሁሉ ማስረዳት ባልችልም እምቢ የምለው ለዚህ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ፍለጋችሁ በሙት ባሕር ከሚኖር፣ ባክቴሪያ ካልሆነ አርኬያ የሚባል ደቂቅ ፍጥረት የተገኘ መዋቅር ሊያመጣላችሁ ይችላል። የትልቁ ክፍል ዝርዝር መዋቅር በ2000 የታወቀው ከእሱ ስለሆነ በጣም የታወቀ ነው። በእሱ ላይ ያው ቦታ ቁጥሩ 2099 ነው፣ ያለውም ጉዋኒን ነው። 2058 ብላችሁ ብትፈልጉ ሌላ ቦታ ትሄዳላችሁ። ቁጥር ከፍጥረት ወደ ፍጥረት እንደሚቀየር ምንጊዜም አስቡ።

ምስሉ የሚጠይቀው፣ ሙከራው የሚመልሰው

የወንድሜ ልጅ እዚህ ስትደርስ እንዲህ አለችኝ፦ «እትዬ፣ እንግዲያውስ መውጫውን ደፈነዋ! አለቀ።»

ምስሉን ላየ ሰው ትክክል ይመስላል፤ መድኃኒቱ የተቀመጠው መሿለኪያው መጀመሪያ አካባቢ ነው። ነገር ግን አላለቀም። በቤተ ሙከራ ሲለካ እነዚህ መድኃኒቶች ሁሉንም ፕሮቲን እኩል አያስቆሙም፤ አንዳንድ ሰንሰለቶች መድኃኒቱ እያለም ሾልከው ያልፋሉ፣ ሌሎች ደግሞ የተወሰነ የአሚኖ አሲድ ቅደም ተከተል ሲደርስ ይቆማሉ። መሿለኪያው ጠበበ እንጂ ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም። ይህን ምስሉ ብቻውን ሊነግረን አይችልም ነበር።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ማሽን ደብተራችሁን ለሁለት ክፈሉት። በግራ በኩል ከመዋቅሩ ያያችሁትን፣ በቀኝ በኩል የማሽኑ ሥራ እንዴት እንደተለካ ጻፉ፦ ፍጥነቱ፣ ስህተቱ፣ አንድ ክፍል ሲቀየር ምን እንደሆነ። ቀኙ ባዶ ከሆነ ያላችሁ ግምት ነው። ግምት ነውር የለውም፤ ግምት መሆኑ መታወቅ ግን አለበት።

ለልምምድ የሚሆን ግሩም ምሳሌ ልስጣችሁ። አሚኖ አሲዶች የሚጣመሩበትን ቦታ በትልቁ ክፍል እምብርት አግኙና ዙሪያውን 18 አንግስትሮም አስሱ። በ2000 በሙት ባሕሩ አርኬያ መዋቅር ላይ እንደታየው በዚያ ርቀት ውስጥ ፕሮቲን የለም፤ ስለዚህ የኬሚካሉን ሥራ የሚሠራው አርኤንኤ ነው ተባለ። ቀደም ብዬ አስምሩበት ያልኳችሁ ሁለት ሦስተኛ ትርጉም የሚያገኘው እዚህ ነው። በራይቦዞም መዋቅር ሥራቸው ቬንካትራማን ራማክሪሽናን፣ ቶማስ ስታይትዝና አዳ ዮናት በ2009 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልመዋል። አሁን ያንኑ ፍለጋ በባክቴሪያ ራይቦዞም ላይ ድገሙት። ኤል27 የሚባል ፕሮቲን ጅራቱን ወደዚያ አካባቢ ሲያስገባ ልታዩ ትችላላችሁ። አርኤንኤው ነው የሚሠራው የሚለው ድምዳሜ በዚህ አልፈረሰም፤ ነገር ግን «ፕሮቲን የለም» የሚለው ዓረፍተ ነገር የአንድ ፍጥረት ምልከታ መሆኑን በዓይናችሁ ታረጋግጣላችሁ።

ቴትራሳይክሊንን በተመሳሳይ መንገድ ራሳችሁ ሥሩት። ቦታው ሌላ ነው፦ በትንሹ ክፍል ላይ፣ አሚኖ አሲድ ተሸክሞ የሚመጣው አርኤንኤ የሚያርፍበት በር ላይ። ስታጎሉት በመድኃኒቱና በአርኤንኤው መካከል የማግኒዥየም አቶም ታያላችሁ፤ የሚያያይዛቸው እሱ ነው። ቴትራሳይክሊን ለታዘዘለት ሰው «ከወተት ጋር እንዳይወስዱት» የምለው ከዚሁ ጠባዩ የተነሣ ነው፤ ማግኒዥየምን የሚወደው መድኃኒት ካልሲየምንም ይወዳል፣ በአንጀት ውስጥ ከወተቱ ካልሲየም ጋር ተያይዞ ወደ ደም ሳይገባ ይቀራል። በትራኮማ ዘመቻ ከስድስት ወር በታች ላሉ ሕፃናት ከአዚትሮማይሲን ይልቅ የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት ይሰጣል። ሁለት መድኃኒት፣ አንድ ማሽን፣ ሁለት የተለያየ ቦታ።

የሚሽከረከረው ማሽን

ራይቦዞሙ ከገባችሁ ወደ ኤቲፒ ሲንቴዝ ሂዱ፤ ሕዋስ ለሥራው ኃይል የሚያገኝበትን ኤቲፒ የሚባል ሞለኪውል ከኤዲፒ የሚሠራ ማሽን ነው። በፕሮቲን ዳታ ባንኩ ኮዱ 1ቢኤምኤፍ (1BMF) የሆነውን ክፈቱ፤ ከከብት ልብ ማይቶኮንድሪያ የተወሰደ፣ በ1994 በጆን ዎከር ቡድን የታተመ የማሽኑ ራስ ነው። የማሽኑ ራስ ብቻ መሆኑን ልብ በሉ፤ በሽፋኑ ውስጥ የሚሽከረከረው ቀለበት እዚህ ፋይል ውስጥ የለም፤ መሐል ያለው ዘንግም የታየው በከፊል ነው። በፋይል ውስጥ አለመኖር በሕዋስ ውስጥ አለመኖር አይደለም።

እያንዳንዱን ሰንሰለት በየቀለሙ ለዩ። ስድስት ትልልቅ ሰንሰለቶች በዘንጉ ዙሪያ ተሰልፈዋል፤ ሦስቱ አልፋ፣ ሦስቱ ቤታ። ዲ፣ ኢ እና ኤፍ የተባሉት ቤታዎች ናቸው። ሦስቱም አንድ ዓይነት የአሚኖ አሲድ ቅደም ተከተል አላቸው፤ ቅርጻቸው ግን አንድ አይደለም። አንዱ ኤዲፒ ይዟል፣ ሌላው ኤቲፒን የሚመስል የማይሰበር ሞለኪውል ይዟል፤ ኢ የተባለው ባዶውን አፉን ከፍቶ ቆሟል። ሦስቱን አንዱን በአንዱ ላይ ደርባችሁ አነጻጽሩ። ዘንጉ በየትኛው በኩል ወደ የትኛው ቤታ እንደተጠጋ ተመልከቱ፤ ዘንጉ ጠማማና ወገኑ የተለያየ ስለሆነ ለሦስቱ የሚያሳየው ፊት የተለያየ ነው። እዚህ ላይ ቸኩላችሁ አትለፉ። ይህን አንድ ምስል በደንብ ያየ ሰው ፖል ቦየር መዋቅሩ ከመታየቱ በፊት ሦስቱ ቦታዎች ተራ በተራ ይለዋወጣሉ ብሎ ያቀረበው ሐሳብ ለምን እንደተወደደ ይገባዋል። ቦየርና ዎከር ከየንስ ስኮ ጋር በ1997 ኖቤል ተጋርተዋል።

ታዲያ ይሽከረከራል ወይ? የ1994ቱ መዋቅር የቆመ ምስል ነው፤ መሽከርከሩን አላሳየም። ያሳዩት በ1997 ጃፓናውያን ተመራማሪዎች ናቸው። የማሽኑን ራስ መስታወት ላይ አጣብቀው ከዘንጉ ጫፍ ላይ የሚያበራ፣ አክቲን የሚባል የፕሮቲን ክር አያያዙበት፤ ኤቲፒ ሲጨምሩ ክሩ ሲዞር በማይክሮስኮፕ ታየ። በወረቀታችን ስሌት 10 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ማሽን አሥር ሃያ ሜትር የሚረዝም ክር ሲያሽከረክር ማለት ነው። በደብተራችሁ ቀኝ ገጽ የሚጻፈው ይህ ነው።

በእኛ ከተማ ይህን ማሽን ከጢስ ዓባይ ተርባይን ጋር ማመሳሰል ቀላል ነው፤ እኔም አደርገዋለሁ። ፕሮቶን በሽፋኑ በኩል ይፈስሳል፣ ቀለበቱ ይዞራል፣ ዘንጉ ይዞራል፣ ኤቲፒ ይሠራል። ምሳሌው የሚሰበርበትን ቦታ ግን አብራችሁ ያዙ። እዚህ ውሃው በክብደቱ ይገፋል፤ እዚያ ሁሉም ነገር በሙቀት ወዲያና ወዲህ ይንቀጠቀጣል፣ የፕሮቶኑ ልዩነት ንቅናቄውን ወደ አንድ አቅጣጫ እንዲያደላ ያደርገዋል። ደግሞም ማሽኑ ወደኋላም መሥራት ይችላል፤ በ1997ቱ ሙከራ የታየው ኤቲፒ እየተሰበረ ሲዞር ነው።

ከዚያ ሒሳብ ሥሩ። አንድ ሙሉ ዙር ሦስት ኤቲፒ ይሰጣል። ቀለበቱ በከብት ማይቶኮንድሪያ 8 አባላት አሉት፣ በስፒናች ክሎሮፕላስት 14። እያንዳንዱ አባል በአንድ ዙር አንድ ፕሮቶን ያሳልፋል። ስለዚህ ለአንድ ኤቲፒ ከብቱ 2.7 ገደማ፣ ስፒናቹ 4.7 ገደማ ፕሮቶን ይከፍላል። ከመዋቅር ላይ አባላትን በመቁጠር ብቻ የኃይል ዋጋ ወጣ። መድኃኒት እንደሚያስቆመው ለማየት መድኃኒት ለተላመደ ሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠውን ቤዳኩዊሊንን ፈልጉ፤ የሚይዘው የባክቴሪያውን ቀለበት ነው።

ከመሣሪያዎቹ ጥቂት

ዛሬ አብዛኞቹ ትልልቅ ማሽኖች የሚታዩት እንደ ድሮው ናሙናውን ክሪስታል ማድረግ ሳያስፈልግ፣ በክራዮ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ነው። ናሙናው 3 ሚሊ ሜትር በሆነች ወንፊት ላይ ይደረግና በቀዘቀዘ ፈሳሽ ኢቴን ውስጥ በቅጽበት ይነከራል፤ ውሃው ክሪስታል ለመሥራት ጊዜ ሳያገኝ እንደ መስታወት ይጠጥራል። በየአቅጣጫው የወደቁ የብዙ ሺህ ቅንጣቶች ብዥ ያሉ ምስሎች በኮምፒውተር ተዳምረው አንድ የጠራ ካርታ ይሆናሉ። ዣክ ዱቦሼ፣ ዮአኪም ፍራንክና ሪቻርድ ሄንደርሰን በ2017 ኖቤል የተሸለሙት ለዚህ ነው። ትልቁ ጥቅሙ ቅንጣቶቹን በቅርጻቸው መለያየት መቻሉ ነው፤ ከአንድ ናሙና የአንድ ማሽን ሦስት አራት አቋም ሊወጣ ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። ከሁለት አቋም መካከል ኮምፒውተር ያለሰለሰውን ተንቀሳቃሽ ምስል አይታችሁ «ማሽኑ እንዲህ ይንቀሳቀሳል» አትበሉ። የታዩት ሁለቱ ጫፎች ናቸው፤ መሐሉን የሞላው ፕሮግራሙ ነው።

የፕሮቲንን ቅርጽ ከአሚኖ አሲድ ቅደም ተከተሉ የሚተነብየው ፕሮግራም አልፋፎልድም ጠቃሚ ነው፣ ግን በልክ። ሠሪዎቹ ዴሚስ ሃሳቢስና ጆን ጃምፐር በ2024 ከዴቪድ ቤከር ጋር ኖቤል አግኝተውበታል። ሰማያዊ ቀለም እርግጠኝነትን፣ ብርቱካናማ ጥርጣሬን ያሳያል፤ ብርቱካናማውን ክፍል እንደ መዋቅር አትቁጠሩት። ማሽኑ ስንት ቅጂ ከየትኛው ሰንሰለት እንዳለው የምትነግሩትም እናንተ ናችሁ፤ እሱን የሚያሳውቀው ቤተ ሙከራ ነው።

ለሚቀጥለው ቅዳሜ ፕሮቲአዞምን ሥሩ። ያረጁና የተበላሹ ፕሮቲኖችን የሚቆራርጥ ማሽን ነው። እምብርቱ 28 አባላት አሉት፣ ሰባት ሰባት ሆነው በአራት ቀለበቶች ተደርድረዋል። ከቦርቴዞሚብ ጋር የተያዘውን መዋቅር ፈልጉ፤ ለአንድ የደም ካንሰር ዓይነት የሚሰጥ መድኃኒት ነው። በእያንዳንዱ መካከለኛ ቀለበት ካሉት ሰባት ቤታዎች የሚቆርጡት ሦስቱ ብቻ ናቸው። የሚቆርጡትን ከማይቆርጡት ለመለየት የእያንዳንዱን የመጀመሪያ አሚኖ አሲድ ተመልከቱ፤ ትሪዮኒን መሆን አለበት፣ እሱ ብቻ ግን አይበቃም። ሌላው ምን እንደሆነ ጎረቤቶቹን ጽፋችሁ አምጡ፤ ሥራው የት እንደተለካም በቀኝ በኩል ሙሉ።